ውድቀትን ሳይደብቁ መናገር፦ በጸጋ ላይ ቆሞ እውነቱን ለማውጣት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

አንድ ሪፖርት ላይ የጻፍኩት ቁጥር ስህተት ነበር። ያየሁት ከተላከ ከ2 ቀን በኋላ ነው። ያኔ አንድ አጭር መልእክት ብጽፍ ነገሩ በ10 ደቂቃ ያልቅ ነበር። አልጻፍኩም። ከሳምንት በኋላ ጉዳዩ ሲነሳ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ተወቀሰ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ዝም አልኩ።

ዝምታው 4 ወር ቆየ። በእነዚያ ወራት ጸሎት አላቋረጥኩም፣ ከቤተ ክርስቲያንም አልቀረሁም። ስለ እግዚአብሔር ምሕረት ለሌሎች ሰዎች ስናገር ነበር። ያን ልጅ ባየሁ ቁጥር ግን ሆዴ ይላወሳል።

ድፍረት የጎደለኝ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ስረዳው ግን የተበላሸው ቅደም ተከተሌ ነው። "መጀመሪያ ልስተካከል፣ ከዚያ እናገራለሁ" እያልኩ ነበር የምኖረው። ወንጌል ይህን ይገለብጠዋል። ምሕረቱ ይቀድማል፣ መናገሩ ይከተላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተጻፈው በዚያ ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ እባካችሁ የመጀመሪያውን ደረጃ ዘላችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ።

1ኛ ደረጃ፦ መጀመሪያ የቆማችሁበትን መሬት እወቁ

ሰው ጥፋቱን የሚደብቀው ቢታወቅበት የሚወድቅበት ቦታ ስለሌለው ነው። ክብሬ ይሄዳል፣ ሰው ይሸሸኛል፣ እግዚአብሔርም ፊቱን ያዞርብኛል ብሎ ያስባል። እንዲህ የሚያስብ ሰው "ዝም ብለህ ተናገር" ቢሉት አይናገርም። መሬት ያስፈልገዋል።

መሬቱ ሮሜ 5፥8 ላይ አለ። ክርስቶስ ስለ እኛ የሞተው ገና ኃጢአተኞች ሳለን ነው ይላል። "ሳለን" የምትለዋን ቃል ቆም ብላችሁ እዩአት። ከተስተካከልን በኋላ አይልም። ከተናዘዝን በኋላም አይልም። ዛሬ ልትናገሩት የፈራችሁትን ነገር እግዚአብሔር ቀድሞ ያውቀዋል፣ እያወቀም ወዷችኋል።

በሉቃስ 15 ያለው የጠፋው ልጅ ታሪክ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ያላስተዋልኩት አንድ ነገር አለ። ልጁ ወደ ቤት ከመነሳቱ በፊት የሚናገረውን አዘጋጅቷል። በድያለሁ ይላል፤ ልጅህ ልባል አይገባኝም ይላል፤ በመጨረሻም ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ ይላል (ቁጥር 18 እና 19)። ቤት ሲደርስ ግን ሦስተኛውን አላለውም (ቁጥር 21)። አባቱ ገና ከሩቅ አይቶት፣ ሮጦ፣ አንገቱን አቅፎ ስሞታል። ልጁ ጥፋቱን የተናገረው በአባቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ ነው። "ሠርቼ ልክፈልህ" የምትለዋ ሐሳብ ግን ቦታ አጣች። እኔ ለ4 ወር ይዤ የነበረው ያችኑ ሦስተኛዋን ዓረፍተ ነገር ነበር።

በተግባር እንዲህ አድርጉ። ለብቻችሁ ተቀመጡ። ስለ ጥፋታችሁ አንድም ቃል ከመናገራችሁ በፊት "ይህን ነገር ከመናገሬ በፊት ተወድጃለሁ፣ ክርስቶስ ለዚህም ሞቷል" በሉ። ድምፅ አውጡ። ስሜታችሁ ባይቀበለውም በሉት፤ እምነት ብዙ ጊዜ ከስሜት ቀድሞ ነው የሚሄደው። ይህን ለሳምንት ያህል ደጋግማችሁ ብቻ ብትቆዩ ጊዜ አባከናችሁ ማለት አይደለም።

2ኛ ደረጃ፦ ያደረጋችሁትን በግልጽ ግሥ ጻፉት

ወረቀት ያዙ። ስልክ ላይም መጻፍ ይቻላል፣ እኔ ግን ወረቀት ይሻለኛል፤ ሲያልቅ ቀድዳችሁ ትጥሉታላችሁ።

ቋንቋችን ጥፋት ለመሸፋፈን በጣም ይመቻል። "ብርጭቆው ተሰበረ" እንላለን። ማን ሰበረው? "ገንዘቡ ጠፋ፣ ነገሩ ተበላሸ፣ ከአፌ አመለጠኝ" እንላለን። አድራጊው የት ሄደ? ከእነዚህ ሁሉ ደግሞ በጣም የለመድነው "ሰይጣን አሳስቶኝ ነው" የሚለው ነው። ፈታኝ መኖሩ እውነት ነው። ግን ሔዋን ያመካኘችው በእባቡ ነበር፣ አዳም ደግሞ በሔዋን። አዳምማ "ከእኔ ጋር እንድትሆን የሰጠኸኝ ሴት" ብሎ ፈጣሪውንም ጨመረበት (ዘፍጥረት 3፥12-13)። ማመካኘት ከሰው ልጅ ጋር አብሮ የኖረ ልማድ ነው።

ስለዚህ "እኔ" ብላችሁ ጀምሩ፣ በግልጽ ግሥ ጨርሱ። "እኔ ዋሸሁ።" "እኔ ገንዘቡን ወስጄ አልመለስኩም።" "እኔ ልጄን በቁጣ ሰደብኩ።" "ምናልባት"፣ "ትንሽ"፣ "ሳላስበው" የሚሉትን ቃላት እውነት ካልሆኑ ሰርዟቸው። እጅ ይከብዳል፤ ይክበድ።

ሦስት ጥያቄዎችን መልሱ። ምን አደረግሁ? ማን ተጎዳ? ለመሸፈን ደግሞ ምን አደረግሁ? ሦስተኛውን ሁላችንም እንረሳዋለን፣ ብዙ ጊዜ ግን ከባዱ እሱ ነው። የዳዊትን ታሪክ በ2ኛ ሳሙኤል 11 አንብቡት። ከቤርሳቤህ ጋር የሠራውን ለመደበቅ ባሏን ኦርዮን ከጦር ሜዳ አስጠራ። ወደ ቤቱ እንዲሄድ ጋበዘው፣ አስከረው። አልሆን ሲለው የመሞቻውን ደብዳቤ በራሱ በኦርዮ እጅ ላከ። መሸፈኛው ነፍስ አጠፋ። የእኔም ቁጥር ስህተት ትንሽ ነገር ነበረች። ከባዱ ሌላ ሰው ሲወቀስ ዝም ማለቴ ነው።

ከጻፋችሁ በኋላ ለያዩት። ሁሉም ውድቀት ኃጢአት አይደለም። ፈተና መውደቅ፣ የከፈቱት ሥራ መክሰር፣ አቅም ማነስ፣ መታመም፤ እነዚህ ንስሐ አይጠይቁም። እውነቱን መናገርን ግን ይጠይቃሉ፤ "ሥራው አልተሳካልኝም፣ እገዛ እፈልጋለሁ" ማለት የሚያሳፍር ነገር የለውም። ደግሞ አንዳንድ ሰው የተፈጸመበትን በደል የራሱ ጥፋት አድርጎ ይዞት ይኖራል። ተደብድባችሁ፣ ተደፍራችሁ፣ ተታልላችሁ ከሆነ ያ የእናንተ ኑዛዜ አይደለም። እሱን ከዚህ ዝርዝር አውጡት። ለምታምኑትና ሊረዳችሁ ለሚችል ሰው ንገሩት፤ ግን እንደ ተጎጂ እንጂ እንደ ጥፋተኛ አይደለም።

3ኛ ደረጃ፦ ጥፋቱን በስሙ ጠርታችሁ ለእግዚአብሔር ንገሩት

"ጌታ ሆይ፣ ባወቅሁትም ባላወቅሁትም ይቅር በለኝ" የሚለው ጸሎት ጥሩ ጸሎት ነው። መደበቂያም ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ላይ የጻፋችሁትን እንዳለ አንብቡለት። ረጅም ቃል አያስፈልግም፤ በሉቃስ 18 ያለው ቀራጭ ያለው ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይበልጥም፣ ጸድቆ ግን ወደ ቤቱ ሄደ።

ቃል ካጠራችሁ መዝሙር 51ን አንብቡ፤ በግዕዙ ዳዊት አቆጣጠር 50ኛው ነው። ነቢዩ ናታን ዳዊትን ሊወቅሰው ከመጣ በኋላ የተጸለየ ነው። ዳዊት እዚያ ላይ ስለ ራሱ መልካምነት አንድም ቃል አላነሳም። የሚለምነው እንደ ቸርነትህ፣ እንደ ምሕረትህ ብዛት እያለ ነው።

ዳዊትና ሳኦልን ማነጻጸር እኔን ብዙ አስተምሮኛል። ሁለቱም "በድያለሁ" ብለዋል። ሳኦል ግን ሕዝቡን ፈርቼ ነው አለ (1ኛ ሳሙኤል 15፥24)። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በድያለሁ፣ አሁን ግን በሕዝቤ ሽማግሌዎች ፊት አክብረኝ አለ (ቁጥር 30)። ይሉኝታ ነው። ጥፋቱን ያመነው ስሙን ለማትረፍ ነው። ዳዊት "እግዚአብሔርን በድያለሁ" ብሎ አቆመ (2ኛ ሳሙኤል 12፥13)። ምክንያትም ልመናም አልጨመረበትም። ወደ የትኛው እንደምታዘነብሉ ለማወቅ ስትጸልዩ ከ"በድያለሁ" ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ምን እንደሆነ አዳምጡ። "ግን" ከሆነ ወደ ወረቀቱ ተመለሱ።

4ኛ ደረጃ፦ ለአንድ ሰው ንገሩ

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይቆማል። "ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ፣ ይበቃል" ይላል። ስለ ኃጢአት ይቅርታ ከሆነ ይቅር የሚለው እግዚአብሔር ነው፤ እዚህ ላይ ጥያቄ የለኝም። ያዕቆብ 5፥16 ግን እርስ በርሳችሁ ተናዘዙ ይላል፣ ዓላማውንም ሲናገር "እንድትፈወሱ" ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው ነው። ምስጢር ብቻውን ሲኖር ያድጋል፤ ሌላ ሰው ጆሮ ሲገባ አቅሙ ይቀንሳል።

ንስሐ አባት ካላችሁ መንገዱ ክፍት ነው፣ ሂዱ። ከሌላችሁ ወይም በሌላ ልማድ ውስጥ ካላችሁ አንድ የበሰለ አማኝ ፈልጉ። ምረጡ ግን። የሌላ ሰው ምስጢር ለእናንተ የሚያወራ ሰው የእናንተንም ለሌላ ያወራል። ስትነግሩት ወዲያው "ኧረ ምንም አይደለም፣ ሁሉም ሰው ያደርገዋል" የሚል ሰውም አይጠቅማችሁም፤ ቁስሉን ሳያይ ይሸፍነዋል። የሚያስፈልጋችሁ ሰምቶ የማይደነግጥ፣ ጥፋቱንም የማያቀል፣ በመጨረሻም የክርስቶስን ይቅርታ በድምፅ የሚነግራችሁ ሰው ነው። የራሱን ውድቀት አንድ ቀን ነግሯችሁ ከነበረ እሱ ጥሩ ምልክት ነው።

መጀመሩ ነው የሚያስጨንቀው። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር አስቀድማችሁ አዘጋጁ። "አንድ የሠራሁት ጥፋት አለ፣ እስከ መጨረሻው ስማኝና ከዚያ ጸልይልኝ" ማለት ይበቃል። ከዚያ የወረቀቱን ሦስት መልሶች ተናገሩ። የሌላ ሰው ነውር የሚያወጣ ዝርዝር አትጨምሩ፤ የምትናዘዙት የራሳችሁን ነው።

እኔ ስናገር አፌ ተሳስሮ ሁለት ጊዜ ወሬ ቀይሬያለሁ። ሦስተኛው ላይ ወጣ። የሰማኝ ሰው ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለ በኋላ 1ኛ ዮሐንስ 1፥9ን በቃሉ አለልኝ፦ "በኃጢአታችን ብንናዘዝ ኃጢአታችንን ይቅር ሊለን ከዓመፃም ሁሉ ሊያነጻን የታመነና ጻድቅ ነው።" ጥቅሱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ጥፋቴን ከሚያውቅ ሰው አፍ ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ "ልጁስ?" ብሎ ጠየቀኝ።

5ኛ ደረጃ፦ የበደላችሁትን ሰው ፊት ለፊት አግኙት

ይህ ደረጃ ሰፊ ነው፣ ጥንቃቄም ይፈልጋል።

በመጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የምናገረው ለማን ብዬ ነው? እኔ እንዲቀለኝ ብቻ ከሆነ ገና ነው። ሰውየው የማያውቀው፣ ቢያውቀው ደግሞ ምንም ሳይጠቀም የሚቆስልበት ነገር አለ፤ ለምሳሌ ለዓመታት በልብ ይዘውት የነበረ ቅናት። እንዲህ ያለውን በ4ኛው ደረጃ ላይ ካለው ሰው ጋር ተመካከሩበት። ሰውየው በእናንተ ምክንያት ጉዳት ደርሶበት ከሆነ፣ ስሙ ጠፍቶ፣ ገንዘቡ ተወስዶ ወይም ተታልሎ ከሆነ ግን እውነቱ የእሱ ነው፤ ለዘላለም ልትይዙበት አትችሉም። የበደላችሁት ሰው ሊጎዳችሁ የሚችል ከሆነም ብቻችሁን አትሂዱ።

ከዚያ አነጋገሩ። "ካጠፋሁ ይቅርታ" አትበሉ። "ካ" የምትለዋ ፊደል ሁሉንም ታፈርሰዋለች፤ ጥፋቱ መኖሩን ተበዳዩ እንዲያረጋግጥ ትጠይቃለች። "አስቀይሜህ ከሆነም" ያው ነው። እኔ ያልኩት በግምት እንዲህ ነበር፦ "ያ የሪፖርቱ ስህተት የእኔ ነው። በ2ኛው ቀን አውቄዋለሁ። አንተ ስትወቀስ አጠገብህ ነበርኩ፣ ዝም አልኩ። ስምህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ነገ ለአለቃችን እነግራለሁ፤ ከዚያ በፊት አንተ ልትሰማው ይገባል ብዬ ነው።"

ከተናገራችሁ በኋላ ዝም በሉ። ማብራሪያ አትደርድሩ። ያን ጊዜ ታምሜ ነበር፣ ቤት ውስጥ ችግር ነበረብኝ የሚለው እውነት ቢሆን እንኳ ሰውየው ካልጠየቀ ይቆይ። ደግሞም "ይቅር በለኝ" ብላችሁ መልሱን እዚያው እንዲሰጥ አታስጨንቁት። ክርስቲያን ስለሆነ ይቅር የማለት ግዴታ አለበት ብላችሁ ጥቅስ አትጥቀሱበት። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ብዙ ተበዳዮች በጥቅስ ተገደው "ይቅር ብያለሁ" ብለዋል። ጊዜ ይፈልግ ይሆናል። ሊቆጣም ይችላል። ስሙት።

የእኔ ባልደረባ አልተቆጣም። "4 ወር?" ብቻ አለኝ። ከዚያ ተነስቶ ሄደ።

6ኛ ደረጃ፦ የሚመለስ ነገር ካለ መልሱ፣ መዘዙንም ተቀበሉ

ይቅርታ ነጻ ነው፤ የወሰዳችሁት ገንዘብ ግን የሰው ነው። በኦሪት ዘኁልቍ 5፥7 ላይ በደለኛው ጥፋቱን ተናዝዞ የወሰደውን በሙሉ እንዲመልስ፣ አንድ አምስተኛም እንዲጨምርበት ታዟል። ዘኬዎስ ደግሞ ከዚያ አልፎ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ (ሉቃስ 19፥8)። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ኢየሱስ ወደ ዘኬዎስ ቤት የገባው ገንዘቡ ከተመለሰ በኋላ አይደለም። መጀመሪያ "ዛሬ በቤትህ ልውል ይገባኛል" አለው፤ የዘኬዎስ እጅ የተፈታው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከሆነ መጠኑንና የምትከፍሉበትን ጊዜ ጽፋችሁ ስጡ። የስም ጉዳይ ከሆነ ስሙ በጠፋበት ሰው ፊት ሁሉ አስተካክሉ፤ በአደባባይ የተወራን ሐሜት በጓዳ ይቅርታ ብቻ መዝጋት አይቻልም። ሕግ የሚመለከተው ነገር ከሆነ፣ በተለይ ሕፃን ወይም አቅመ ደካማ ሰው የተጎዳበት ከሆነ፣ ጸጋን እንደ መሸሸጊያ አትጠቀሙበት። ለሚመለከተው አካል መናገርም የእውነተኝነቱ አካል ነው።

ዳዊት "እግዚአብሔር ኃጢአትህን አርቆልሃል" ተባለ፤ መዘዙ ግን ከቤቱ አልራቀም። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ሰው "ይቅር ተብዬ ከሆነ ለምን ይህ ይደርስብኛል?" ሲል እሰማለሁ። ይቅር መባላችሁን መዘዙ ስላለ ወይም ስለሌለ አትለኩት። መስቀሉን እያያችሁ ለኩት።

እኔ ለአለቃችን ነገርኩ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፣ ለተወሰነ ጊዜም ሪፖርት እንዳልልክ ተደረገ። ተገቢ ነበር። ያ ልጅ ሰላም ማለት የጀመረው ከ2 ወር በኋላ ነው። እንደ ድሮው ግን አልሆንንም። ይቅር ማለትና እንደገና ማመን አንድ አይደሉም፤ መታመን ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው፣ አንዳንዴም አይመለስም። እሱን ለማስገደድ መብት የለኝም።

7ኛ ደረጃ፦ እፍረቱ ተመልሶ ሲመጣ

ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ሌሊት ነው የሚመጣው። "አንተ እኮ ያው ነህ" ይላል።

እዚህ ላይ ጴጥሮስንና ይሁዳን አስቡ። ሁለቱም ኢየሱስ በተያዘባት ሌሊት ወድቀዋል፣ ሁለቱም ተጸጽተዋል። ይሁዳ "ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ" ብሎ ገንዘቡን እንኳ መልሷል (ማቴዎስ 27፥3-5)። ግን ጸጸቱን ይዞ የሄደው ወደ ካህናቱ ነው፤ እነሱም "እኛስ ምን አግዶን?" አሉት። ከዚያ ብቻውን ሄደ። ጴጥሮስ መራራ ልቅሶ አለቀሰ፣ ከወንድሞቹ ጋር ግን ቆየ። ኢየሱስም በባሕሩ ዳር አገኘው። ዮሐንስ እዚያ የፍም እሳት እንደነበረ ይጽፋል (21፥9)። ጴጥሮስ በካደባት ሌሊት ሲሞቅ የነበረውም የፍም እሳት ነው (18፥18)። ሦስት ጊዜ ለካደው ሰው ሦስት ጊዜ "ትወደኛለህን?" አለው። ቁስሉን አላለፈውም፣ ግን ሊያዋርደው አልነካውም። በየጥያቄው ኋላ በጎቹን ሰጠው።

እፍረት ሲመጣ ታዲያ የምትሄዱበት አቅጣጫ ነው ወሳኙ። ወደ ሰው ሂዱ። በ4ኛው ደረጃ ላይ ለነገራችሁት ሰው ደውሉ። "ዛሬ ያ ነገር ተመልሶብኛል" በሉት። ነገሩ ከብዶ በሕይወት መኖር እስኪያስጠላችሁ ከደረሰ እስኪነጋ አትጠብቁ። ያኔውኑ አንድ ሰው አስነሱ፣ የሕክምና እርዳታም ፈልጉ። ሐኪም ጋ መሄድ እምነት ማነስ አይደለም።

በዚያው ጥፋት ደግማችሁ ብትወድቁስ? ጳውሎስ "ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት እንኑር?" ለሚለው ጥያቄ "አይደለም" ብሎ መልሷል (ሮሜ 6፥1-2)። ስለዚህ አታቅሉት። ግን ደግሞ ከ1ኛው ደረጃ ጀምሩ፤ መሬቱ እዚያው ነው። የሚደጋገም ከሆነ መንገዱን ቁረጡት፤ ገንዘብ ከሆነ የገንዘብ ኃላፊነቱን አስረክቡ፣ ስልክ ከሆነ ማታ ሌላ ክፍል አስቀምጡት፣ መጠጥ ከሆነ የሱስ ሕክምና ጠይቁ።

ትንንሹን በየቀኑ

ትልቁ ነገር ከወጣ በኋላ የያዝኩት ልማድ አለ። ማታ ከመተኛቴ በፊት 5 ደቂቃ ተቀምጬ ቀኑን ወደ ኋላ አየዋለሁ። መጀመሪያ እንደተወደድኩ ለራሴ እላለሁ፣ ከዚያ እጠይቃለሁ፦ ዛሬ የት ዋሸሁ? ማንን አስቀየምኩ? ምን ሸፈንኩ? የተገኘውን እስከ ነገ ማታ ድረስ ለባለቤቱ ለመናገር እሞክራለሁ። ሁልጊዜ አይሳካልኝም። ትኩስ ሳለ ግን ይቀላል፤ አንድ ቀን የቆየ ውሸት ከ4 ወር ውሸት ጋር አይወዳደርም።

ትናንት ማታ አንድ ነገር ተገኘ። ለአንድ ወዳጄ "ጽሑፍህን አንብቤዋለሁ፣ ደስ ይላል" ብዬው ነበር። አላነበብኩትም። ዛሬ ጠዋት ደወልኩለትና ነገርኩት፤ ማታ አነብልሃለሁ አልኩት። ጽሑፉ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ይህን ስጨርስ እጀምረዋለሁ።